እንግሊዝኛ አላበደም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ እንግሊዝኛ አጻጻፍና ፈሊጥ ነው። ጸሐፊው በቀልድ ይጀምሩና በፍርድ ይጨርሳሉ። ፍርዳቸው ባጭሩ ይህ ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሕግ የለውም። የማይነበቡት ፊደላት ትርፍ ናቸው፤ ተነቅለው መጣል ነበረባቸው። አማርኛ ግን እንደሚነገር ይጻፋል። በዚህ ሁሉ የሚሰቃየው ቋንቋውን ከእናቱ ያልሰማ ሰው ብቻ ነው። ፈሊጦቹ ደግሞ ሎጂክ ስለሌላቸው ያለው አማራጭ መሸምደድ ነው፤ ለዚህም ረጅም ዝርዝር አያይዘዋል።

ጽሑፉ ያስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ግን ነገሩ በሳቅ ብቻ አያበቃም። እንዲህ ያለውን ያነበበ ተማሪ «ሕግ ከሌለው ምኑን ልማር?» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ወይም ያንን ዝርዝር ይዞ ይቀመጥና ጊዜውን ይፈጃል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከዓሣው ልጀምር። ጸሐፊው ሕግ አልባነቱን ለማሳየት ያቀረቡት ዋና ማስረጃ የታወቀው ቀልድ ነው። ጂ፣ ኤች፣ ኦ፣ ቲ፣ አይ ብላችሁ ጻፉ። ጂ ኤች «ኢናፍ» (በቂ) በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ «ፍ» ይባላል። ኦ «ዊሜን» (ሴቶች) ውስጥ «ኢ» ይሆናል። ቲ አይ ደግሞ «ኔሽን» (ሀገር) ውስጥ «ሽ» ነው። ስለዚህ የጻፋችሁት ቃል «ፊሽ» ተብሎ ይነበባል፤ ዓሣ ማለት ነው። የቀልዱ ባለቤትም ተውኔት ጸሐፊው በርናርድ ሾው ነው ይሉናል።

መጀመሪያ የባለቤትነቱን ነገር እናጥራው። ሾው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ቀልዱ ግን በ1855 በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። ሾው ቀልደኛ ነበር፤ ቢሆንም ሳይወለድ አይቀልድም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ያንን ቃል ቀልዱን ሰምቶ ለማያውቅ እንግሊዝኛ አንባቢ ስጡት። «ፊሽ» የሚል አታገኙም። «ጎቲ» ነው የሚለው። ለምን? ጂ ኤች በቃል መነሻ ላይ ሲመጣ «ግ» ስለሆነ ነው፤ «ጎስት» (የሙት መንፈስ) ላይ እንደምናየው። «ፍ» የሚሆነው በቃሉ መድረሻ አካባቢ፣ ከኦ ዩ ወይም ከኤ ዩ ቀጥሎ ሲመጣ ነው፤ «ራፍ»፣ «ኮፍ»፣ «ላፍ» እንደሚሉት። ቲ አይ «ሽ» የሚሆነው ከኋላው ሌላ አናባቢ ሲከተል ነው። ኦ ን «ኢ» ብሎ ማንበብ ደግሞ የ«ዊሜን» የብቻዋ ጸባይ ነው ማለት ይቻላል። ቀልዱ የሚያስቀው እነዚህን ልማዶች በሙሉ በአንድ ቃል ውስጥ ስለሚጥስ ነው። የሌለ ሕግ ደግሞ አይጣስም።

በ1966 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሥራ አለ። ከ17,000 በላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ወሰዱ። ድምፅን ወደ ፊደል የሚመልሱ ሕጎች አወጡና በኮምፒውተር አስጻፉት። ኮምፒውተሩ ከቃላቱ ግማሽ ያህሉን በትክክል ጻፈ። ከቀሩትም አብዛኞቹን የሳተው በአንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ግማሽ ማለት የሚያስፎክር ውጤት አይደለም፣ አውቃለሁ። ልብ በሉ ግን፣ ያ ኮምፒውተር የሚያውቀው ድምፅን ብቻ ነው። የቃሉን ትርጉም አያውቅም፣ ዘመዶቹንም አያውቅም። የጸሐፊው ሁለተኛ ነጥብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የማይነበቡት ፊደላት ትርፍ ናቸው ብለዋል። እስቲ «ሳይን» (ምልክት) የሚለውን ቃል እንየው። ኤስ፣ አይ፣ ጂ፣ ኤን ተብሎ ይጻፋል። ጂ አትሰማም። ወደ «ሲግናል» እና ወደ «ሲግኔቸር» (ፊርማ) ስንሄድ ግን ጂ ትናገራለች። ጂን ከ«ሳይን» ብንነቅላት፣ ምልክትና ፊርማ ዘመዳማቾች መሆናቸው ከገጹ ላይ ይጠፋል። «ቦም» የሚለው ቃል መጨረሻው ላይ ድምፅ የሌላት ቢ አለች፤ «ቦምባርድ» (በቦምብ መደብደብ) ላይ ትሰማለች። በነገራችን ላይ እኛ «ቦምብ» ስንል ቢዋን በደንብ እናሰማታለን፤ እንግሊዞች ናቸው የዋጧት። «ማስል» (ጡንቻ) ውስጥ ዝም ያለችው ሲ «ማስኪዩላር» ላይ «ክ» ብላ ትወጣለች። «ኮለም» (የጋዜጣ ዓምድ) ጫፍ ላይ ያለችው ኤን «ኮለምኒስት» ላይ ትነሳለች። «ቱ» ብለን የምንጠራው ሁለት ቁጥር ውስጥ ያለችው ደብሊው ምን ትሠራለች? «ትዌልቭ» (አሥራ ሁለት)፣ «ትዌንቲ» (ሃያ)፣ «ትዊን» (መንታ) ጋር ሄዳችሁ ጠይቋት።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን በየአረፍተ ነገሩ የምናገኘው ነው፤ ያለፈ ጊዜ የምትሠራው ኢ ዲ። «ዎክት» (ተራመደ) ላይ «ት» ትባላለች። «ፕሌይድ» (ተጫወተ) ላይ «ድ» ናት። «ዎንቲድ» (ፈለገ) ላይ «ኢድ» ትሆናለች። በድምፅ ቢጻፍ ሦስት የተለያየ መድረሻ መማር ነበረብን። አሁን ግን ዓይናችን ኢ ዲን እንዳየ «ይሄ ያለፈ ነገር ነው» ይላል። አንድ መድረሻ በመሸምደድ አንድ ሙሉ ሰዋስው ተረፈልን። የቋንቋ ሊቃውንቱ ኖም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ በ1968 የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለቋንቋው በጣም የተመቸ ነው ብለው የተከራከሩት በዚህ ዓይነት ነገር ተነስተው ነው። ትንሽ አጋነኑ እላለሁ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ይህ አጻጻፍ ድምፅን ብቻ ሳይሆን ዝምድናንም ይጽፋል።

ይህ ደግሞ ማንን ይጠቅማል? እኛን! ተወልዶ የሚናገረው ልጅ ቃሉን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ አጻጻፉ በኋላ ይመጣበታል። እኛ አብዛኛውን ቃል መጀመሪያ የምናገኘው በገጽ ላይ ነው። በዓይን ለሚማር ሰው የቤተሰቡ መልክ ከፊቱ ላይ አለመጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉም ዝምተኛ ፊደል ግን እንዲህ ጨዋ አይደለም። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። «ዴት» (ዕዳ) የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ቢ አልነበረውም። ላቲን የተማሩ ሰዎች የላቲን ዘሩን ለማሳየት ሲሉ በኋላ ሰኩባት። «ዳውት» (ጥርጣሬ) ውስጥ ያለችውም ቢ እንደዚሁ ናት። እነዚህስ ቢያንስ እውነተኛ ዘመድ ነበራቸው። «አይላንድ» (ደሴት) የሚለው ቃል ግን የጉድ ነው። የድሮ እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከላቲን ጋር ዝምድና የለውም። ከሌላ ቃል ጋር አምታተውት ኤስ ጨመሩበት። እሷም እስከ ዛሬ አለች፤ ይኸው ስንቱ ተማሪ «አይስላንድ» እያለ ደሴቱን ሁሉ አንድ ሀገር ያደርገዋል።

«ናይት» (ባላባት ተዋጊ) ላይ ያሉት ኬ እና ጂ ኤች ደግሞ ሌላ ታሪክ አላቸው። ማንም አልሰካቸውም። ድሮ ይነገሩ ነበር። ኬ «ክ» ተብላ ትጠራ ነበር፤ ጂ ኤችም ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበረው። ዊልያም ካክስተን በእንግሊዝ የመጀመሪያውን ማተሚያ ዌስትሚንስተር ላይ የተከለው በ1476 ነው። ማተሚያው አጻጻፉን እያረጋጋው ሄደ፤ አፍ ግን መሮጡን ቀጠለ። ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ባለው ጊዜ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች በሙሉ ቦታ ለቀቁ። ዛሬ «ኔም» (ስም) የምንለው ቃል በጥንቱ «ናመ» ወደሚል የተጠጋ ነበር። «ታይም» (ጊዜ) «ቲመ» ይመስል ነበር። የአጻጻፉን ፊደላት አንድ በአንድ ብትቆጥሯቸው ልክ እንደዚያ ነው የሚሉት። የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደል ሌላው አውሮፓ «አ» ሲላት እነሱ «ኤ» የሚሏትም በዚሁ የተነሳ ነው። ይህ እብደት አይደለም፤ ሰዓቱ የቆመ ሰው ጉዳይ ነው።

ታዲያ ለምን አላስተካከሉትም? ጸሐፊው ማንም እንዳልሞከረ አድርገው ነው የጻፉት። ኧረ ስንቱ ሞከረ! ኖህ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ አሜሪካኖቹ «ከለር» (ቀለም) ላይ ያለችውን ዩ እንዲጥሉ አደረገ። ምላስና ሴቶች የሚሉትን ቃላት በድምፃቸው ለመጻፍ ያቀረበው ሐሳብ ግን ሰሚ አላገኘም። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን በአጭር አጻጻፍ እንዲያትም አዘዙ። ጋዜጣው ተሳለቀ፣ ኮንግረሱ ተቃወመ፤ ትእዛዙ በዚያው ዓመት ተሻረ። ሾው ራሱ ለአዲስ ፊደል የሚውል ገንዘብ ተናዞ ሞተ። ፊደሉ ተሠራ፤ አንድ ተውኔቱ በ1962 በዚያ ፊደል ታተመ። ከዚያ ወዲያ የሚጽፍበት ሰው እምብዛም የለም።

ከስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደሚነገር ይጻፍ ሲባል፣ ማን እንደሚናገረው? «ካር» (መኪና) ሲሉ የለንደኑ ሰው አርን ይተዋታል፤ አሜሪካዊው ያንከባልላታል። ስኮትላንዳዊው፣ ሕንዳዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ አውስትራሊያዊው በየራሳቸው ድምፅ ይጻፉ ብንል አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ለማንበብ ይቸገራል። አሁን ያለው አጻጻፍ ለሁሉም እኩል ስለማይመች ነው ሁሉንም የሚያስማማው።

«አማርኛ እንደሚነገር ይጻፋል» የሚለውን ነጥብ ሳነብ ፈገግ አልኩ። ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀና መሆኑን አልክድም። ግን «ይበላል» ብዬ ልጻፍላችሁ። በላተኛ ነው ወይስ ተበይ? «በ» ጠብቃ ነው ወይስ ላልታ? ፊደሉ አይነግራችሁም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አለመድረሱ? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ከሁሉ በላይ? እኛ አንቸገርም፤ ቃሉን አስቀድመን እናውቀዋለና። አማርኛ በመጽሐፍ የሚማር የውጭ ሰው ግን ፀጉሩን ይነጫል። ሳድስ ፊደልም አንዴ አናባቢ ይዞ አንዴ ያለ አናባቢ ይነበባል፤ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሀይ» እያልን በየመንገዱ የምንጽፈውስ? ሀ፣ ሐ እና ኀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ፤ ፊደላቸው ግን ቀረ። ከ«ናይት» ኬ ታሪክ በምን ይለያል?

በዚህ ሁሉ የሚሰቃየው የውጭ ሰው ብቻ ነው ለሚለው ብዙ አልቆይም። በአሜሪካ ከ1925 ጀምሮ ቃላትን በትክክል የመፊደል ብሔራዊ ውድድር አለ። ለራሳቸው ልጆች ቀላል ቢሆን ማን ይወዳደርበት ነበር? በ2019 ተወዳዳሪዎቹ አልሳሳት ብለው ስምንት ልጆች በጋራ አሸነፉ፤ እሱ ግን የወራት ጥናት ውጤት ነው። በ2003 የታተመ የ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ንጽጽር ደግሞ አለ። አብዛኞቹ አገሮች ውስጥ ልጆች አንደኛ ክፍልን ሲጨርሱ የለመዷቸውን ቃላት ከሞላ ጎደል በሙሉ ያነብባሉ። በእንግሊዝኛ የሚማሩት ያነበቡት ግን 34 በመቶ ገደማውን ነበር። «ዜር» የሚባሉትን ሁለት ቃላት፣ «እዚያ» እና «የእነሱ» የሚሉትን፣ እያምታታ የሚጽፈውም በብዛት ተወልዶ የሚናገረው ሰው ነው። እሱ የጻፈው ጆሮው የነገረውን ነው። በዓይኑ የተማረ ሰው ሌላ ስህተት ይሠራል እንጂ በዚህኛው እምብዛም አይወድቅም።

ጸሐፊው ሕግ የለም ካሉ በኋላ አንድ ሕግ ብቻ ይሠራል ብለው ያስተማሩትንም ልንካው። «አይ ከኢ በፊት፣ ከሲ ቀጥሎ ካልሆነ» የሚለው ነው። የሚገርመው፣ ለዚህ ሁሉ ሕግ አለ ስል ቆይቼ እሳቸው የሚያምኑበትን አንዱን ሕግ ላፈርስ መሆኔ ነው። «ሳይንስ» ያፈርሰዋል። «ዊርድ» (እንግዳ ነገር) ያፈርሰዋል። «ሲዝ» (መያዝ) ያፈርሰዋል። በ2009 የእንግሊዝ መንግሥት ለመምህራን ባወጣው መመሪያ ይህን ሕግ ማስተማር እንደማያዋጣ ተጽፏል። ከዚህ ይልቅ የመጨረሻዋን ዝምተኛ ኢ መማር ይሻላል። «ማት» (ምንጣፍ) ላይ ኢ ስትጨመር «ሜት» (ጓደኛ) ይሆናል። «ሆፕ» (መዝለል) ላይ ስትጨመር «ሆውፕ» (ተስፋ) ይሆናል። ራሷ አትናገርም፤ ከፊቷ ያለውን አናባቢ ግን ታስረዝማለች።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ የዘለሉት ትልቁ ችግር የቱ ነው ካላችሁ፣ አጽንኦት ነው። ድምፁ የትኛው የቃሉ ክፍል ላይ ይከብዳል? አጻጻፉ ይህን በጭራሽ አይናገርም። «ፎቶግራፍ» ላይ የሚከብደው የመጀመሪያው ክፍል ነው። «ፎቶግራፈር» ላይ ሁለተኛው ይከብዳል፤ «ፈቶግረፈር» ወደሚል ይጠጋል። «ፎቶግራፊክ» ላይ ሦስተኛው ነው። አጽንኦት ያጣው አናባቢ ደግሞ ኤ ይሁን ኦ ሟሙቶ እንደ ሳድሳችን ያለ ደካማ ድምፅ ይሆናል። ለዚህ ነው «ዲተርማይን» (መወሰን) እያልን «ዲተርሚን» የሚለውን ሳንሰማ የምንከርመው። ለዚህ ነው «ኮምፎርቴብል» (ምቹ) ብለን ፊደሉን በሙሉ ስናነብ ሰሚው ግራ የሚገባው፤ እሱ የሚያውቀው «ካምፍተብል» የሚለውን ነዋ። ጸሐፊው በዝምተኛ ፊደል ሲስቁ፣ ሰውን በስብሰባ መሃል የሚያሸማቅቀው ነገር በዚህ በኩል አለፈ።

ወደ ፈሊጦቹ እንምጣ። ድመትና ውሻ ይዘንባል የሚለውን ፈሊጥ ጸሐፊው እንዲህ ብለው ያብራሩታል። በድሮ ዘመን እንስሳቱ በሣር ክዳን ጣሪያ ላይ ይተኙ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ አንሸራቷቸው ይወድቁ ነበር። ይህ ተረት በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢሜይል ሲዞር የነበረ የውሸት ታሪክ ነው። ፈሊጡ በ17ኛው መቶ ዘመን ተቀራራቢ መልክ ነበረው፤ አየርላንዳዊው ደራሲ ጆናታን ስዊፍት በ1738 ዛሬ ባለው መልኩ ጽፎታል። ከየት እንደመነጨ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር የለም። የፈሊጥ መነሻ ታሪክ በጣም ካማረ ተጠራጠሩ።

ሎጂክ የላቸውም የሚለውስ? አንዳንዱ የለውም። ባልዲ ረገጠ ብሎ ሞተ ማለት በእርግጥ ግራ ያጋባል። ግን «ዓይኑን በጨው አጠበ» የሚለውን ቃል በቃል ተርጉማችሁ ለአንድ የውጭ ሰው ንገሩት፤ ሐኪም ሊጠራ ይችላል። ብዙዎቹ ፈሊጦች ግን በሥዕል የተሰበሰቡ ናቸው። እንግሊዝኛ ስለ ንዴት ሲናገር ደም ይፈላል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ ክዳን ይፈናጠራል። የኛም ደም ይፈላል፣ ንዴታችንም ይገነፍላል። የቋንቋ ምሁሩ ጆርጅ ላኮፍ በሰፊው የጻፈበት ነገር ነው፦ ሰው ንዴትን እቃ ውስጥ እንደታፈነ ትኩስ ፈሳሽ ያስበዋል። ምስጢርም በእቃ ውስጥ ነው ያለው፤ ባቄላው ፈሰሰ፣ ድመቷ ከከረጢት ወጣች ሲሉ ምስጢሩ አፈተለከ ማለታቸው ነው። ሥዕሉን የያዘ ሰው ግማሹን ሳይሸመድድ ይገምተዋል።

የዝርዝሩ ትልቅ ችግር ግን ይህ አይደለም። ሮዛመንድ ሙን የተባለች ተመራማሪ በ1998 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ አብዛኞቹ ቋሚ አባባሎች በሚሊዮን ቃላት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አይመጡም። ባልዲውን እስክታገኙት ድረስ መጻሕፍት ታነባላችሁ! በየደቂቃው የምታገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ነው። «ጊቭ ኢን» እጅ መስጠት ነው። «ፑት ኦፍ» ማዘግየት፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ችሎ መኖር። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» ማጣራት። ጸሐፊው ከነዚህ አንዱንም አላነሱም፤ አያስቁምና።

ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ያን ያህል ባዕድ መሆን የለበትም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ብቅ አለ»፣ «ችላ አለ» እንላለን። ማንም ምንም አላለም። ከ«አለ» ፊት የምትቀመጠው ትንሽ ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። በእንግሊዝኛም ትንሿ ቃል የራሷ ዝንባሌ አላት። «አፕ» ብዙ ጊዜ ነገሩ እስከ መጨረሻው መሄዱን ትናገራለች፤ «ኢት አፕ» ጨርሶ መብላት፣ «ዩዝ አፕ» ሙልጭ አድርጎ መጨረስ፣ «ፊል አፕ» እስከ አፍ መሙላት። «ኦፍ» መለየትን ትወዳለች፤ «ካት ኦፍ» ቆርጦ መለየት፣ «ቴክ ኦፍ» ማውለቅ። ሁልጊዜ አይሠራም። ከባዶ ሽምደዳ ግን በብዙ ይሻላል።

የመጨረሻው ምክራቸው ሥራ ለማመልከት በምንጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ፈሊጥ ጣል ጣል እንድናደርግ ነው፤ ተወልደን የተናገርነው እንድንመስል። ይህን አታድርጉ። ፈሊጥ አንዲት ቃል ከተሳሳተች ይሰበራል፤ ቀጥ ያለ አረፍተ ነገር ግን ትንሽ ቢሳሳትም ይገባል። ፈሊጥም ያረጃል፤ ዛሬ ማንም የማይለውን ይዞ መምጣት የአያት ኮት ለብሶ ቢሮ እንደመግባት ነው። በዚያ ላይ ዛሬ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ ተወልዶ ከሚናገረው በቁጥር ይበልጣል። ደብዳቤያችሁን የሚያነበው ኮሪያዊ ወይም ብራዚላዊ ሊሆን ይችላል፤ እሱም እንደናንተው ባልዲውን በዝርዝር ውስጥ ሲፈልግ የከረመ ነው። ፈሊጥን ሲሰሙት ማወቅ ይበቃል። ዝርዝር መያዝ የግድ ካላችሁ፣ ግሱን ከነትንሽ ቃሉ በሙሉ አረፍተ ነገር ጻፉት፤ ከዚያ አጽንኦቱ ከሚያርፍበት ክፍል ሥር መስመር አስምሩ።